በሲፓፕ ማሽን ውስጥ የቧንቧ ውሃ መጨመር ይቻላል? ለቢቸና፣ ለሞጣና ለአካባቢው ታካሚዎች

የስሊፕ አፕኒያ ሕመም ያለባቸውና ሌሊት ሲፓፕ በሚባለው የመተንፈሻ ማሽን የሚተኙ ሰዎች በተደጋጋሚ የሚያነሡት ጥያቄ አለ። የማሽኑ መመሪያ «ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ይጠቀሙ» ይላል። በቢቸናም ሆነ በሞጣ ግን ዲስቲልድ ውሃ እንደ ስኳርና ዘይት ከየሱቁ የሚገዛ ነገር አይደለም። ታዲያ የቧንቧ ውሃ ብንጨምርበት ምን ይሆናል? ወይስ ውሃው እስኪገኝ ድረስ ማሽኑ ይቀመጥ?

አጭሩ መልስ የሚከተለው ነው።

• የመጀመሪያው ምርጫ ዲስቲልድ ውሃ ነው።
• ዲስቲልድ ውሃ ካልተገኘ በደንብ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ለጥቂት ሌሊቶች መጠቀም ይቻላል፤ የውሃ መያዣው በየቀኑ መታጠብ አለበት።
• ይህም ካልተመቸ ብዙዎቹን ማሽኖች ያለ ውሃ መጠቀም ይቻላል።
• ውሃ ጠፋ ተብሎ ማሽኑን መተው ግን አይገባም።
• ከጋራዥ ወይም ከነዳጅ ማደያ የተገዛ የመኪና ባትሪ ፈሳሽ በምንም ምክንያት ወደ ማሽኑ መግባት የለበትም።

ከዚህ በታች የእያንዳንዱን ምክንያት በዝርዝር እንመለከታለን።

ስሊፕ አፕኒያ ምንድን ነው? ማሽኑስ ምን ይሠራል?

ስሊፕ አፕኒያ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ በተደጋጋሚ የሚቆራረጥበት ሕመም ነው። በብዛት የሚታየው ዓይነት የሚከሰተው እንቅልፍ ሲወስደን የጉሮሮ ጡንቻዎች ስለሚላሉና የአየር መተላለፊያው ስለሚዘጋ ነው። ትንፋሹ 10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይቆማል፤ ከዚያ ሰውየው በማንኮራፋት ወይም እንደ መታፈን ብሎ ይነቃና እንደገና ይተነፍሳል። ይህ በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ታማሚው ራሱ ላያስታውሰው ይችላል፤ አጠገቡ የሚተኛው ሰው ግን ይሰማዋል።

ሕክምና ካላገኘ የደም ግፊት እንዲጨምር፣ የልብ ምት እንዲዛባ፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ የመጋለጥ ዕድል ከፍ እንዲል ያደርጋል። ቀን ላይ የሚመጣው እንቅልፍም አደገኛ ነው። በተለይ ለሹፌሮችና በማሽን ለሚሠሩ ሰዎች ለአፍታ ማንቀላፋት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ሲፓፕ አየርን በተወሰነ ግፊት በቱቦና በማስክ በኩል ወደ አፍንጫ ይልካል። ይህ ግፊት ጉሮሮው እንዳይዘጋ ከውስጥ ደግፎ ይይዘዋል። ሕክምናውን እ.ኤ.አ በ1981 ለዓለም ያስተዋወቀው አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች አየር የሚነፉ ብቻ ነበሩ። አሁን በብዙ ማሽኖች ላይ የምናየው የውሃ መያዣ በኋላ የተጨመረ ነው።

ይህንን ማወቅ ጠቃሚ ነው። ሕመሙን የሚያክመው የአየሩ ግፊት ነው። ውሃው የሚያገለግለው አየሩን ለማርጠብና ለማሞቅ ነው፤ ማለትም አፍንጫና ጉሮሮ እንዳይደርቁ፣ አፍንጫ እንዳይደፈንና እንዳይደማ ይረዳል። ምቾት ያለው ሰው ማሽኑን ሌሊቱን ሙሉ ይጠቀማል፤ ስለዚህ ውሃው ትልቅ ጥቅም አለው። ነገር ግን ውሃው ባይኖርም ሕክምናው አለ።

በቧንቧ ውሃ ውስጥ ምን አለ?

ንጹሕ የሚመስል የቧንቧ ውሃ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ሦስት ዓይነት ነገሮች ይገኛሉ።

1. ማዕድናት። ውሃ ከምድር ሥር በድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ እንደ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያሉ ማዕድናትን እያሟሟ ይመጣል። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ያለው መሬት በአብዛኛው ከጥንት እሳተ ገሞራ የተፈጠረ ድንጋይ ስለሆነ ከምንጭና ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃም የራሱን ማዕድን ይዞ ይወጣል። እነዚህ ማዕድናት ለሚጠጣ ሰው ጉዳት የላቸውም። ውሃ ደጋግመው ያፈሉበትን ድስት ወይም ማንቆርቆሪያ ውስጡን ቢመለከቱ ግርጌው ላይ ነጭ ቅርፊት ሊያዩ ይችላሉ፤ ማዕድን ማለት እሱ ነው። በማሽኑ የውሃ መያዣ ውስጥም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። ውሃው በእንፋሎት እየሄደ ሲያልቅ ማዕድኑ ከታች ይቀራል። ቅርፊቱ ሲወፍር ማሞቂያው ሙቀቱን በደንብ ለውሃው አያስተላልፍም፤ መያዣው ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በሻከረው ቦታ ላይ ደግሞ ጀርሞች በቀላሉ ይጣበቃሉ።

2. ጀርሞች። የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ እንዲሆን ይታከማል እንጂ ሙሉ በሙሉ ከጀርም የጸዳ አይደለም። ብዙዎቹ ጀርሞች ስንጠጣቸው ጨጓራ ውስጥ ይሞታሉ። ወደ ሳንባ ከገቡ ግን ነገሩ የተለየ ነው። ውሃ ውስጥ መኖር የሚችሉ እንደ ሊጂዮኔላና ፕሴዶሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎች እንዲሁም ከሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ጋር የሚዛመዱ ሌሎች ጀርሞች ለሳንባ ኢንፌክሽን ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። በእኛ አካባቢ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ በጀሪካን ወይም በሮቶ ይጠራቀማል። ቀናት የቆመ ውሃና ውስጡ ያልታጠበ ጀሪካን ለጀርሞች የተመቸ ቦታ ነው። ክረምት ላይ ጎርፍ ወደ ምንጮች ሲገባ ችግሩ ይብሳል።

3. ክሎሪን። ውሃን ለማከም የሚጨመረው ክሎሪን ለመጠጥ ጠቃሚ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፈስ አየር ላይ ሽታው ሲመጣ ግን አንዳንድ ሰዎችን ጉሮሮና አፍንጫ ይከነክናቸዋል።

አደጋው ምን ያህል ነው?

እዚህ ላይ ማጋነንም ማቃለልም አይገባም። የሲፓፕ ማሽን ውሃውን በቀስታ አሙቆ ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል፤ እንደ አንዳንድ የክፍል አየር ማርጠቢያዎች ውሃውን ራሱን በትንንሽ ጠብታ አይረጭም። እንፋሎት ሲነሣ ማዕድንና ጀርም በአብዛኛው በመያዣው ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ሳያውቁ አንድ ሌሊት የቧንቧ ውሃ የጨመሩ ሰው ሊደናገጡ አይገባም። ውሃውን ደፍተው፣ መያዣውን አጥበው፣ ከዛሬ ጀምሮ ማስተካከል ይበቃል።

አደጋው የሚጨምረው ልማድ ሲሆን ነው። ያልፈላ ውሃ በየቀኑ እየተጨመረ፣ የትናንቱ ሳይደፋ የዛሬው ሲደረብበት፣ መያዣው ለሳምንታት ሳይታጠብ ሲቀር ግድግዳው ላይ የሚያንሸራትት ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ይህ የጀርሞች መኖሪያ ነው። ማሽኑ ሲያዘነብል ወይም ውሃ ከመጠን በላይ ሲሞላ ደግሞ ውሃው ራሱ ወደ ቱቦው ሊገባ ይችላል።

የሚከተሉት ሰዎች ግን ለጥቂት ሌሊትም ቢሆን ያልፈላ የቧንቧ ውሃ መጠቀም የለባቸውም፦

• በዕድሜ የገፉ ሰዎችና ሕፃናት፤
• አስም ወይም ሌላ የቆየ የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ ወይም ከዚህ በፊት የሳንባ ነቀርሳ ታመው ሳንባቸው የተጎዳ፤
• የስኳር ሕመምተኞች፤
• ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ ወይም የሰውነት መከላከያን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ።

ይህ ግራ መጋባት የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ በ2023 ባወጣው የዳሰሳ ጥናት ከተጠየቁት አሜሪካውያን ከሦስቱ አንድ ያህሉ የቧንቧ ውሃ ምንም ጀርም የሌለበት መስሏቸው ነበር።

ዲስቲልድ ውሃ ምንድን ነው?

ጎጃም ውስጥ አረቄ ሲወጣ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ድፍድፉ በእሳት ይሞቃል፣ እንፋሎቱ በመቃ ያልፋል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ጠብ ጠብ ይላል። አተላው ከታች ይቀራል። ዲስቲልድ ውሃም የሚገኘው በዚሁ ዘዴ ነው። ውሃው እስኪተን ይፈላል፤ እንፋሎቱ ተሰብስቦ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ማዕድኑና ቆሻሻው በማፍያው ውስጥ ይቀራል፤ ጀርሙም በሙቀቱ ይሞታል። (አረቄው ራሱ ግን የጉሮሮ ጡንቻዎችን ስለሚያላላ ስሊፕ አፕኒያን ያባብሳል። ታማሚዎች በተለይ ማታ ከአልኮል መራቅ አለባቸው።)

የአንድ ማሽን የውሃ መያዣ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በየቀኑ በአዲስ ውሃ ከተሞላ በወር ከ9 እስከ 12 ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሲገኝ የወሩን መግዛት ይሻላል። መጀመሪያ መድኃኒት ቤቶችን ይጠይቁ። የሆስፒታል ላብራቶሪዎች ለሥራቸው ዲስቲልድ ውሃ ስለሚጠቀሙ በአቅራቢያዎ ባለው ሆስፒታል ያሉ ባለሙያዎች ከየት እንደሚገዛ ሊጠቁሙዎት ይችላሉ። ለክትትል ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሲሄዱም የሕክምና ዕቃ መሸጫዎችን መጠየቅ ጥሩ ነው። ሲገዙ ያልተከፈተ፣ ጽሑፉ የሚነበብና ጊዜው ያላለፈ መሆኑን ያረጋግጡ።

አደገኛው ስህተት፦ «የባትሪ ውሃ»

ዲስቲልድ ውሃ ሲፈልጉ ብዙ ሰዎች «ጋራዥ ሂድ፣ የባትሪ ውሃ እሱ ነው» ይሏቸዋል። ለመኪና ባትሪ የሚጨመር ማዕድን የሌለው ውሃ በእርግጥ አለ። ነገር ግን በዚያው ሱቅ፣ አንዳንዴም በሚመሳሰል ጀሪካን፣ የባትሪ አሲድ ይሸጣል። አሲዱ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። መልኩ ውሃ ይመስላል። ስሙም በቀላሉ ያምታታል፤ አንዱ «የባትሪ ውሃ» ሲል ዲስቲልዱን፣ ሌላው አሲዱን ማለቱ ሊሆን ይችላል። አሲድ በሚሞቅ መያዣ ውስጥ ገብቶ በላዩ ላይ ያለፈ አየር ሌሊቱን ሙሉ ቢተነፈስ የመተንፈሻ አካልን ያቃጥላል።

ሻጩ «አሲድ አይደለም» ቢልም እንኳ ይህ ውሃ የተዘጋጀው ለባትሪ እንጂ ለሰው ሳንባ አይደለም። ተቀድቶ በሌላ ዕቃ የተሸጠ ከሆነ ቀድሞ በዕቃው ውስጥ ምን እንደነበረ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ይተዉት። ማሽኑን ያለ ውሃ መጠቀም ከዚህ በብዙ ይሻላል።

ስለ ሌሎች ውሃዎች ቤተሰቦች የሚጠይቁት

«የታሸገ ውሃስ?» ብዙ ሰው ሃይላንድ የሚለው የታሸገ የመጠጥ ውሃ ከጀርም አንጻር ከቆመ የጀሪካን ውሃ ይሻላል። ማዕድን ግን አለበት፤ ስለዚህ ቅርፊት ይሠራል። ዲስቲልድ በሌለበት ጊዜ አፍልቶ ለአጭር ጊዜ መጠቀም ይቻላል።

«አምቦ ውሃስ?» አይሆንም። አምቦ ውሃ ማዕድኑ ብዙ ነው፤ ጋዝም አለው።

«በቤት ማጣሪያ የተጣራ ውሃስ?» የቤት ማጣሪያዎች እንደ ዓይነታቸው ጭቃና አንዳንድ ጀርሞችን ይይዛሉ፤ አብዛኞቹ ማዕድኑን አያስወግዱም። ስለዚህ የተጣራ ውሃና ዲስቲልድ ውሃ አንድ አይደሉም። ከማጣሪያው የወጣውንም ማፍላት ያስፈልጋል።

«ውሃ አጋር ብንጨምርበትስ?» ውሃ አጋርና የመሳሰሉት የውሃ ማከሚያዎች ክሎሪን ናቸው፤ ለመጠጥ ውሃ ጥሩ ናቸው። ለማሽኑ ግን አይመከሩም። ማዕድኑን አያስወግዱም፣ ክሎሪኑም የሚተነፈሰው አየር ላይ ይመጣል።

«ጉሉኮስ ወይም ኖርማል ሳላይንስ?» ሁለቱም አይሆኑም። አንዱ ስኳር፣ ሌላው ጨው አለበት። ውሃው ሲተን ስኳሩና ጨው ይቀራሉ፤ ስኳር ጀርም ያራባል፣ ጨው ማሞቂያውን ይበላል።

«ለመርፌ መበጥበጫ የሚሆነውስ?» ለመርፌ የሚዘጋጅ ንጹሕ ውሃ ጀርምም ማዕድንም የለበትም፤ ስለዚህ ይሆናል። ችግሩ የመጠኑና የዋጋው ነው። ባለ 10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ቢሆን ለአንድ ሌሊት 30 ያህል ያስፈልጋል። በጠርሙሱ ላይ «ለመርፌ የሚሆን ውሃ» መባሉን ባለሙያው ያረጋግጥልዎ፤ ሌላ መድኃኒት ያለበትን እንዳይገዙ።

«የዝናብ ውሃስ?» ዝናብ ከሰማይ ሲወርድ ማዕድኑ ጥቂት ነው። ከቆርቆሮ ክዳን ላይ ሲወርድ ግን አቧራ፣ ዝገትና የወፍ ኩስ ይዞ ይመጣል። እንዳለ አይሆንም።

«ጠበልስ?» ብዙ ታማሚዎች ጠበል ይጠጣሉ፣ ይጠመቃሉም። ሕክምናን ሳያቋርጡ በእምነታቸው መጽናናት የሚከለክላቸው የለም። ወደ ማሽኑ መያዣ መጨመር ግን አይገባም። ጠበል ከምድር የሚፈልቅ የምንጭ ውሃ ነው፤ እንደ ማንኛውም ምንጭ ማዕድንና ጀርም ሊኖረው ይችላል። የንስሐ አባትዎን ቢያማክሩ ጠበሉን በክብር የሚጠቀሙበትን ሌላ መንገድ ይነግሩዎታል።

«ሽታ ያለው ነገር፣ ለምሳሌ ዳማ ከሴ፣ ባሕር ዛፍ ወይም ቪክስ ብንጨምርበትስ?» አይጨምሩ። ዘይትነት ያላቸው ነገሮች ሌሊቱን ሙሉ በግፊት ሲተነፈሱ ሳንባን ያስቆጣሉ፤ መያዣውንም ያበላሻሉ።

ዲስቲልድ ውሃ ሲጠፋ ምን እናድርግ?

1. ውሃ ማፍላት። ይህ በየቤቱ የሚቻል ነው፤ አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ለዚህም ነው ከ2000 ሜትር በላይ በሚገኙ ቦታዎች ውሃ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ እንዲቆይ የሚመከረው፤ ቆላ ላይ 1 ደቂቃ ይበቃል። የደፈረሰ ውሃ ከሆነ እስኪጠል ያቆዩት፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ያጥሉት፣ ከዚያ ያፍሉት። በዚያው ድስት እንደተከደነ ይቀዝቅዝ። ትኩስ ውሃ ወደ መያዣው አይጨምሩ፤ ፕላስቲኩን ሊያጣምመው ይችላል። ፈልቶ የተረፈውን በተከደነ ንጹሕ ዕቃ አስቀምጠው በአንድ ቀን ውስጥ ይጠቀሙ።

ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ ማዕድኑን ግን አይቀንስም። ስለዚህ ቅርፊቱ ይቀጥላል። የፈላ ውሃን እንደ ጊዜያዊ መፍትሔ እንጂ እንደ ዘወትር ልማድ አይያዙት።

2. ቤት ውስጥ ማንጠር። ጊዜና ነዳጅ ያለው ቤተሰብ ጥቂት ዲስቲልድ ውሃ ራሱ ማውጣት ይችላል። በትልቅ ድስት ግማሽ ድረስ ውሃ ያድርጉ። ሙቀት የሚችል ንጹሕ ጎድጓዳ ዕቃ በመካከሉ፣ ከውሃው ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ በብረት ማስቀመጫ ላይ ያስቀምጡ። የድስቱን ክዳን ገልብጠው መያዣው ወደ ታች እንዲሆን ይክደኑትና በላዩ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያድርጉ። ከሥር በዝግታ እሳት ያፍሉት። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ክዳን ሲነካ ተመልሶ ውሃ ይሆንና ወደ መካከለኛው ዕቃ ይንጠባጠባል። የተጠራቀመው እሱ ነው። ድስቱ እንዳይደርቅ ይከታተሉ፤ ሲከፍቱ እንፋሎቱ እንዳያቃጥልዎት ይጠንቀቁ፤ ልጆችን ያርቁ። የአረቄ ማውጫ ዕቃ ለዚህ አይጠቀሙ፤ አልኮልና ሽታው አይለቅም።

3. ያለ ውሃ መጠቀም። በብዙ ማሽኖች ላይ የማሞቂያውን መጠን ዜሮ አድርጎ ያለ ውሃ መተኛት ይቻላል። አንዳንዶቹ የውሃ መያዣው ሲወጣ በቦታው የሚገባ ክዳን አላቸው። የእርስዎ ማሽን በየትኛው መንገድ እንደሚሠራ መመሪያውን ይመልከቱ፤ ካልገባዎ ማሽኑን ያዘዘልዎትን ሐኪም ወይም የሸጠልዎትን ይጠይቁ። ማሞቂያው እየሠራ መያዣውን ባዶ አይተዉ።

በበጋ የደጋው አየር ደረቅ ስለሆነ ያለ ውሃ የተኙ ሰዎች አፍንጫቸው ሊደርቅ ይችላል። ከመተኛት በፊት ውሃ መጠጣት፣ በአፍ ሳይሆን በአፍንጫ መተንፈስ፣ ማስኩ አየር እንዳያፈስ በልክ ማሰር ይረዳል። አፍንጫ የሚታጠቡበት የጨው ውሃ ከመድኃኒት ቤት መግዛት ይቻላል፤ ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ ከሆነ ግን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ብቻ ይሁን።

መብራት ሲጠፋና በባትሪ ወይም በሶላር ሲጠቀሙም ይኸው ምክር ይሠራል። ከማሽኑ ክፍሎች ብዙ ኃይል የሚበላው ማሞቂያው ነው። ማሞቂያውን ካጠፉ ያለው ባትሪ ለረጅም ሰዓት ማሽኑን ያሠራል።

ማሽኑን መተው ለምን ያሰጋል?

እንበል፣ ቢቸና የሚኖሩ አባት ልጃቸው ከውጭ አገር ማሽን ላከችላቸው። አብረው የመጡት ሁለት ጋሎን ዲስቲልድ ውሃ አለቁ። መመሪያው «ዲስቲልድ ብቻ» ስለሚል ማሽኑ እንዳይበላሽ ተብሎ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ገባ። ይህ በጥንቃቄ ስም የሚደረግ ጉዳት ነው። ማሽኑ ሲቆም የትንፋሹ መቆራረጥ በጥቂት ሌሊቶች ውስጥ ይመለሳል። የደም ግፊቱ ይነሣል፣ የቀን እንቅልፉ ይመለሳል። መያዣው ቢበላሽ በሌላ ይተካል፤ ልብና አንጎል ግን አይተኩም። እንዲህ ያለ ዜና የምትሰማ ልጅ በስልክ «አባባ፣ ውሃው ባይኖርም ማሽኑን አይተዉት፤ ማሞቂያውን አጥፍተው ይተኙበት» ብትል ትክክለኛ ምክር ሰጥታለች።

የውሃ መያዣው ጽዳት

ውሃው ዲስቲልድ ቢሆንም ጽዳት ካልተጨመረበት ጥቅሙ ይቀንሳል።

በየቀኑ ጠዋት፦
• ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ። የተረፈውን ውሃ ይድፉ፤ ለማታ አያቆዩት።
• መያዣውን ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይጠቡ፣ በደንብ ያለቅልቁ። መጨረሻ ላይ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ማለቅለቅ ጥሩ ነው።
• አቧራ በማይደርስበት ቦታ ተከፍቶ ይድረቅ። ኃይለኛ ፀሐይ ላይ ፕላስቲኩን አያስጡት።
• ማታ በአዲስ ውሃ እስከ ምልክቱ ድረስ ብቻ ይሙሉ።

በሳምንት አንድ ጊዜ፦
• ማስኩንና ቱቦውን በለብታ ውሃና በሳሙና ይጠቡ፣ ቱቦውን አንጠልጥለው ያድርቁ።
• ነጭ ቅርፊት ካለ አንድ እጅ አቼቶ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው በመያዣው ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያቆዩት፤ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ያለቅልቁ። ቅርፊቱን በቢላ ወይም በሽቦ አይፋቁት።
• በረኪና፣ አልኮልና ዴቶል አይጠቀሙ። ፕላስቲኩን ይጎዳሉ፣ ቅሪታቸውም ይተነፈሳል።

መያዣው ከተሰነጠቀ፣ ከደፈረሰ ወይም ታጥቦም ሽታው ካልለቀቀ መቀየር አለበት።

በቱቦው ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ቀዝቃዛ ሌሊቶች የሞቀው እርጥብ አየር በቱቦው ውስጥ ሲያልፍ ይቀዘቅዝና ወደ ውሃ ይለወጣል። ቱቦው ይንጎራጎራል፣ ጠብታም ፊት ላይ ይወርዳል። ይህ ብልሽት አይደለም። የእርጥበቱን መጠን ይቀንሱ፣ ቱቦውን በብርድ ልብሱ ሥር ያሳልፉት ወይም በጨርቅ ይጠቅልሉት፣ ማሽኑንም ከጭንቅላትዎ ዝቅ ባለ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ያስቀምጡ። ማሽኑን ሲያንቀሳቅሱ አስቀድመው ውሃውን ይድፉ፤ ውሃ ወደ ሞተሩ ከገባ ሊያበላሸው ይችላል።

ከውጭ የመጣ ያገለገለ ማሽን ከሆነ

ሌላ ሰው የተጠቀመበት ማሽን ከሆነ የውሃ መያዣው፣ ቱቦው፣ ማስኩና የአየር ማጣሪያው በአዲስ ይቀየር። የአየሩ ግፊት ለቀድሞው ባለቤት የተስተካከለ ስለሆነ ለእርስዎ በሐኪም መስተካከል አለበት። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በኃይል መስጫው ላይ «100–240» የሚል መጻፉን ሳያዩ ከሶኬት አይሰኩት። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ በሰኔ 2021 በውስጣቸው ያለው የድምፅ መቀነሻ ስፖንጅ ሊፈረፈር ስለሚችል ብዙ ማሽኖቹን ከገበያ እንዲመለሱ ጠይቋል። የላከልዎት ዘመድ የማሽኑን ቁጥር በኩባንያው ዘንድ እንዲያጣራ ይጠይቁት።

ቤት ውስጥ የኦክስጅን ማሽን የሚጠቀሙ ሕመምተኞችም አየሩ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ስለ ውሃው ዓይነትና ስለ ጽዳቱ ከላይ ያለውን ምክር ይከተሉ። ውሃ ሲጠፋ ግን በራስዎ አይወስኑ፤ ኦክስጅኑን ያዘዘልዎትን ሐኪም ይጠይቁ።

ወደ ሐኪም መሄድ ያለብዎ መቼ ነው?

ማሽኑን እየተጠቀሙ ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦

• ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ አክታ ያለው ወይም እየባሰ የሚሄድ ሳል፤
• የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ፤
• ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፤ ይህ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል፤
• በተደጋጋሚ የአፍንጫ መድማት ወይም የሳይነስ ሕመም፤
• ማሽኑን በአግባቡ እየተጠቀሙ የማይቀር ማንኮራፋትና የቀን እንቅልፍ።

ሲሄዱ የሲፓፕ ማሽን እንደሚጠቀሙና ምን ዓይነት ውሃ ሲጨምሩ እንደቆዩ ለሐኪሙ ይንገሩ። የውሃ መያዣውንም ይዘው ቢሄዱ ይጠቅማል።

ኃይለኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈር መጥቆር ወይም ግራ መጋባት ካለ፣ እንዲሁም የባትሪ አሲድ በማሽኑ ውስጥ ገብቶ ከተተነፈሰ፣ ማሽኑን ያጥፉና ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ።

ለማስታወስ ያህል፦ ዲስቲልድ ውሃ ካለ እሱን፣ ከሌለ 3 ደቂቃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ እሱም ከሌለ ማሞቂያውን አጥፍቶ ያለ ውሃ። መያዣው በየቀኑ ይታጠብ፤ ማሽኑ በየሌሊቱ ይሥራ።